የቤት ቢራዬ ጠርሙስ ሌሊት ፈነዳ፣ ምኑን አጠፋሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ የምጽፍልህ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ለንግድ አይደለም ደስ ስለሚለኝ ነው። ከሂርማታ ገበያ 2 ኪሎ የገብስ ብቅል ገዝቼ አስፈጨሁና የፈላ ውሃ ቸለስኩበት፣ ከዛ አጥልዬ ከጌሾ ጋር አፈላሁት፣ ሲቀዘቅዝ የዳቦ እርሾ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ስኳር ጨምሬ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ሞላሁና ብረት ሠሪ ጋ ባሠራሁት መዝጊያ ቆርኪውን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁ። በሳምንቱ ሌሊት ላይ ሁለቱ ፈነዱ፣ እናቴ በጣም ደነገጠች። የተረፈው ደግሞ ሲቀመስ ውሃ ውሃ ይላል፣ ኮምጠጥም ይላል። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ጌሾስ ሆፕስን፣ ያንን የፋብሪካ ቢራን መራራ የሚያደርገውን አበባ፣ ይተካል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰው አለመጎዳቱ ተመስገን ነው። የተረፉትን ጠርሙሶች ዛሬውኑ በወፍራም ፎጣ ጠቅልለህ ፊትህን ዞር አድርገህ ክፈታቸው፣ አንድም ቀን አታሳድራቸው።

የፈነዱት ቸኩለህ ስለሞላሃቸው ነው። በሦስተኛው ቀን እርሾው ገና ስኳሩን እየበላ ነው፣ አንተ ደግሞ ሌላ ስኳር ጨመርክለትና ዘጋህበት፣ እርሾ ስኳር ሲበላ አልኮልና ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ይሰብራል። እናቶቻችን ጋን ውስጥ ሲጠምቁ ይሄ ችግር አልነበረባቸውም፣ የጋን አፍ ቢመረግም እንደ ቆርኪ ድፍን አይልም፣ ጋዙ መንገድ አያጣም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ጠብቅ። አረፋው ወርዶ፣ አተላው ታች ዘቅጦ፣ ስትቀምሰው ጣፋጩ ጠፍቶ ሲገኝ ነው የሚሞላው፣ ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚለካ መሣሪያ፣ ካገኘህ ደግሞ ሦስት ቀን በተከታታይ ያው ቁጥር ሲያሳይህ። ስኳሩ ለሊትር 6 ግራም ይበቃል፣ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ማለት ነው። እኔ ሁሌ የማደርገው አንዱን የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እሞላለሁ፣ በየቀኑ በእጄ ጫን እያልኩ አየዋለሁ፣ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ሁሉንም ፍሪጅ አስገባለሁ። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ጭራሽ በብርጭቆ ጠርሙስ አትጀምር።

ውሃ ውሃ ያለው ብቅሉን ስለገደልከው ነው። ገብሱ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም ያወጣል፣ ይሄ ኢንዛይም ከ62 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ነው በደንብ የሚሠራው፣ የፈላ ውሃ ሲነካው ግን ያልቅለታል። ጅማ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ እሱም ቢሆን በጣም ይበዛበታል። ቴርሞሜትር ከሌለህ ለ2 ኪሎ ብቅል አራት ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ ከአንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ጋር ቀላቅለህ ከዛ ብቅሉን እያማሰልክ ጨምር፣ ወደ 67 አካባቢ ያመጣልሃል። ድስቱን ክደንና በጋቢ ጠቅልለህ አንድ ሰዓት ተወው። ስትከፍተው ሽታው ራሱ ይነግርሃል፣ ማር ማር ይላል፣ እኔ እስካሁን የማልጠግበው ሽታ ነው። ቀላ እንዲልልህ ከፈለግክ ትንሽ አሻሮ ጣል አድርግበት።

መኮምጠጡ ሁለት ዓይነት ነው። እርጎ እርጎ ካለ ባክቴሪያ ከዕቃው ገብቶብሃል፣ አቼቶ አቼቶ ካለ ደግሞ አየር አግኝቷል። እናትህን ጠይቃት፣ ጋኑን በግራዋ ፈትጋ አጥባ በወይራ የምታጥነው ዝም ብሎ ለሽታ ብቻ አይደለም እኮ፣ ዕቃ ማጽዳት ማለት እሱ ነው፣ አያቶቻችን ስለ ባክቴሪያ ሳይሰሙ የደረሱበት ነገር ነው። አንተ ፕላስቲክ ባልዲ ስለምትጠቀም ጭስ አይሆንህም፣ በበረኪና እጠብና በፈላ ውሃ ደጋግመህ አለቅልቅ። ካፈላኸው በኋላ ደግሞ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠህ ቶሎ አብርደው፣ ለብ እንዳለ ካደረ ባክቴሪያው ከእርሾው ቀድሞ ይገባበታል።

ጌሾ መራራውን ይተካል፣ የሆፕስን የአበባ ሽታ ግን አይሰጥህም። ለ10 ሊትር አንድ እፍኝ ቅጠል ይዘህ ጀምርና በሚቀጥለው ጨምር ወይ ቀንስ፣ ከበዛ ምላስ ያስራል። የፋብሪካ ቢራ አይመስልም ብለህ እንዳታዝን፣ ጠላም እኮ የገብስ ብቅል ነው፣ ጠላም ቢራ ነው፣ የጅማ ልጅ በጌሾ የጠመቀው ቢራ የራሱ ጣዕም ቢኖረው እኔ በበኩሌ ደስ ነው የሚለኝ። እናትህም አብራህ ትጥመቅ፣ ጥንስስ ስታይ የኖረች ሴት አረፋውን አይታ የምታውቀውን እኔ በጽሑፍ ልነግርህ አልችልም።

ጥያቄ፦ እኔም የጅማ ነኝ። ለኢድ ሙስሊም ጎረቤቶቼን ልጠራ አስቤ ቀሪቦ ልሠራላቸው ነበር፣ አልኮል አለው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ የተቆላ ገብስ አፍልተሽ፣ አጥልለሽ፣ ስኳርና እርሾ ከጨመርሽበት ትንሽም ቢሆን አልኮል ይኖረዋል፣ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። ብዙ ሰው እንደ ለስላሳ ነው የሚያየው፣ ግን እንግዶችሽ እርሾ እንዳለው አውቀው ቢወስኑ ይሻላል፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ጭራሽ ጥርጣሬ እንዳይኖር ከፈለግሽ እርሾውን ተይው፣ ወይ ደግሞ የጫካ ማር ገዝተሽ እዛው እንግዶቹ ሲመጡ ብርዝ በጥብጪላቸው፣ ማለዳ ላይ አዘጋጅተሽ እንዳታቆዪው ብቻ።