በጀቱን በወር ሳይሆን በዓመት አውጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለትምህርት ውጭ ልትሄጂ ነው፤ በየወሩ የሚላክልሽ ገንዘብ የተወሰነ ነው፤ ወር ሳይሞላ እንዳያልቅብሽ ሰግተሻል። ሥራ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ልጀምር ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም ውጭ ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር ቁጭ ብዬ ሂሳብ ስሠራ ቆይቻለሁ። ረዘም ቢልም ታገሺኝ።

አብዛኛው ሰው «ውጭ አትብዪ፣ ራስሽ አብስይ» ይልሻል። ልክ ነው፣ አብስይ። ግን እኔ እንዳየሁት ተማሪን የሚጥለው የዕለት ወጪ አይደለም። የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ከወር ወር ብዙ አይለያይም፤ ሁለት ወር ከኖርሽ በኋላ በቃልሽ ታውቂዋለሽ። በጀት የሚያፈርሰው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ የሚመጣው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የሴሚስተር ክፍያ፣ የቤት ዲፖዚት (አከራዩ የሚይዘው መያዣ)፣ የክረምት ልብስ፣ የአውሮፕላን ትኬት። እነዚህ ድንገተኛ ወጪዎች አይደሉም። ቀናቸው ቀድሞ ይታወቃል።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት አንድ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለቱን ወራት ጻፊ። በእያንዳንዱ ወር ሥር የሚመጣውን ትልቅ ክፍያ አስቀምጪ። ዶርሙ በእረፍት ጊዜ የሚዘጋ ከሆነ የት እንደምታድሪ፣ ስኮላርሺፕ ኖሮሽ በረጅሙ የዓመት እረፍት የሚቋረጥ ከሆነ በምን እንደምትኖሪ እዚያው ላይ ይታይሻል። ከዚያ ሁሉንም ደምሪና ለአሥራ ሁለት አካፍይ። ለምሳሌ በዓመት 600 የሚከፈል ኢንሹራንስ ካለ በወር 50 ነው። ገንዘቡ በገባ ዕለት ያን 50 ወደ ሌላ የቁጠባ ሂሳብ አዛውሪው። ካርድሽ የማይደርስበት ሂሳብ ይሁን። ዋናው ሂሳብ ላይ ከተቀመጠ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። የወር በጀትሽ እንግዲህ ከዚህ የተረፈው ነው፤ የተላከልሽ ሙሉው ገንዘብ አይደለም።

ኤምባሲ የሚጠይቀው የገንዘብ ማረጋገጫም አያዘናጋሽ። ጀርመን ለምሳሌ ብሎክድ አካውንት በሚባል፣ ገንዘቡ በአንዴ በማይወጣበት ሂሳብ ውስጥ 11,904 ዩሮ አስገቡ ትላለች። ይህም በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ የሚሰጥሽ ነው። ለመላው አገር የተቀመጠ ዝቅተኛ መጠን ስለሆነ፣ ኪራይ ውድ በሆነ ትልቅ ከተማ ልትኖሪ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ይጠብቅሻል። ካናዳ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከትምህርት ክፍያ ውጭ 10,000 የካናዳ ዶላር ብቻ ስትጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ወደ 20,635 አደረሰችው፤ ከዚያም ጨመረችበት። ከዚያ በፊት «10,000 ካለኝ ይበቃኛል» ብሎ የሄደ ተማሪ ምን እንዳጋጠመው አስቢው። የምትሄጂበትን ከተማ ኪራይ እዚያ ካሉ ተማሪዎች ጠይቂ።

የመጀመሪያውን ወር ለብቻው ያዢው። ኪራይና ዲፖዚት አንድ ላይ ይመጣሉ። በጀርመን ዲፖዚት ማሞቂያና ሌላ ወጪ ሳይጨምር እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ይችላል። በእንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። በዚያ ላይ አልጋ ልብስ፣ ድስት፣ ሲም ካርድ፣ የምዝገባ ክፍያ አለ። ይህን ከወር በጀትሽ ላይ ልትሸፍኚው አትሞክሪ። አይችልልሽም።

ቤትን በተመለከተ ርካሽ ኪራይ ብቻ አትከተዪ። ማሞቂያ፣ ውሃና ኢንተርኔት በኪራዩ ውስጥ ናቸው ወይስ ለብቻ? ውሉ ለአሥር ወር ነው ወይስ ለአሥራ ሁለት? ከትምህርት ቤቱ ርቆ የሚገኝ ርካሽ ክፍል በትራንስፖርት ያተረፍሽውን ይበላዋል። ቤቱን ሳታዪ፣ ወይም የምታምኚው ሰው ሳያይልሽ፣ ዲፖዚት አትላኪ። «ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» የሚልሽ ሰው ሌባ ነው።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚነግርሽን ልንገርሽ። ምንዛሪ። ገንዘብ አስተላላፊው «ክፍያ የለም» ሲል ገንዘቡን ከምንዛሪው ላይ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። ላኪው ስንት እንደከፈለ፣ አንቺ እጅ ስንት እንደገባ፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ አነጻጽሪ። በየጊዜው ቋሚ ክፍያ የሚቆረጥ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ከማስላክ ጠርቀም አድርጎ አልፎ አልፎ ማስላክ ይሻላል።

ካገርሽ ባመጣሽው ካርድ የምትጠቀሚ ከሆነ ኤቲኤም ላይም ጠንቀቅ በዪ። ብር ልታወጪ ስትይ ስክሪኑ ሁለት ምርጫ ሊያሳይሽ ይችላል። አንደኛው ባገርሽ ገንዘብ የተሰላ ነው፤ የምታውቂው ቁጥር ስለሆነ ደስ ይላል። ሁለተኛው በዚያ አገር ገንዘብ ነው። ሁልጊዜ ሁለተኛውን ምረጪ። የመጀመሪያውን ከነካሽ ምንዛሪውን የሚተምንልሽ የማሽኑ ባለቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ለራሱ ያደላል። የሱቅ የካርድ ማሽንም እንዲሁ ሊጠይቅሽ ይችላል። በተቻለሽ ፍጥነት ግን እዚያው አገር የተማሪ ሂሳብ ክፈቺ።

ለዕለት ወጪ ገንዘቡን በሳምንት ከፋፍዪው። በየሰኞው የሳምንቱን ብቻ ካርድሽ ላይ አስገቢ። በወር ከያዝሽው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እጅሽ ይፈታና ወር መጨረሻ ላይ ትታፈኛለሽ። በሳምንት ከያዝሽው ሐሙስ ላይ ቢያጥርሽም ሰኞ ቅርብ ነው።

ሥራን በተመለከተ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በጀት በደመወዝ ላይ አትገንቢ። ሥራ መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ክፍያም ዘግይቶ ይገባል። ገደብም አለ። በካናዳ ትምህርት ባለበት ወቅት ከግቢ ውጭ በሳምንት እስከ 24 ሰዓት ነው። በአውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት ነው። በጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን። በአሜሪካ የኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያለው ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ከግቢ ውጭ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ አይቻልም። «በእጅ እከፍልሻለሁ፣ ማንም አያውቅም» የሚል አሠሪ ይመጣል። እባክሽን እምቢ በዪው። ቢታወቅ እሱ መቀጮ ከፍሎ ይቀጥላል፤ አንቺ ቪዛሽን ታጪያለሽ።

ከቤት የሚጠብቁሽ ሰዎች ካሉ ይህም በጀት ውስጥ ይግባ። የምትችይውን መጠን ራስሽ ወስነሽ ጻፊና ከዚያ በላይ ሲጠየቅ «ዘንድሮ አልችልም» በዪ። ዝም ብሎ መላክ፣ ከዚያ በድብቅ መበደር፣ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የጎዳ ነገር ነው። የሚልኩልሽ ወላጆች ከሆኑም እውነተኛውን ቁጥር ንገሪያቸው። «ደህና ነኝ፣ ይበቃኛል» እያልሽ ምግብ እየዘለልሽ አትማሪ።

እንደሚያጥርሽ ከታወቀሽ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ክፍያው ቀን ሳይደርስ ተናገሪ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያን በየጊዜው ከፍሎ መጨረስ ይፈቅዳሉ። ለተቸገረ ተማሪ የተቀመጠ የድጋፍ ገንዘብ ያላቸውም አሉ፤ አንዳንዱ ለውጭ ተማሪም ይሰጣል። የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ግን ቅጣቱ አንቺ ላይ ነው፣ ምዝገባሽም ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ገና ሳትሄጂ ለተማሪዎች ጽሕፈት ቤቱ ኢሜይል ጻፊላቸው፦ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል ወይ፣ የድጋፍ ገንዘቡ ለውጭ ተማሪ ክፍት ነው ወይ፣ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል? ወረቀቱን ስትሠሪ ያልገባሽ ነገር ካለ ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።