የ8 ሰዓት ቀረጻን ወደ 40 ሰከንድ ታይምላፕስ ማሳጠር

ጥያቄ፦ አንድ ሠዓሊ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ትልቅ ሸራ ላይ ሲሥል ከጠዋት ጀምሮ ለ8 ሰዓት ያህል ቀርጬዋለሁ። ካሜራው ቀረጻውን በብዙ ፋይሎች ከፋፍሎታል። በማቀናበሪያ ፕሮግራም ፍጥነቱን ስጨምር ኮምፒውተሬ ተንቀራፎ ይቆማል፤ እንደምንም ሲጨርስም ምስሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይወጣል፣ ብርሃኑም ብልጭ ድርግም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጠቀሷቸው ችግሮች መንቀራፈፉና መደራረቡ የሚመነጩት ፕሮግራሙ ቀረጻውን በሙሉ እንዲያፋጥን ከመታዘዙ ነው። ብልጭታው ግን ገና ሲቀረጽ የተፈጠረ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ስሌቱን እንሥራ። በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ የ8 ሰዓት ቪዲዮ 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 864,000 ፍሬም አለው። ሥራው 40 ሰከንድ እንዲሆን ከፈለጉ የሚያስፈልግዎት 1,200 ፍሬም ብቻ ነው፤ ይህም በየ24 ሰከንዱ አንድ ምስል መርጦ የቀረውን መተው ማለት ነው። ብዙ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ግን ፍጥነት ሲጨመር አጎራባች ፍሬሞችን የማዋሃድ ምርጫ አላቸው። ይህ ምርጫ በርቶ ከሆነ የሠዓሊው ክንድ በሸራው ላይኛው ጥግና በቀለም መደባለቂያው ላይ በአንድ ጊዜ፣ በሁለቱም ቦታ እንደ ጥላ ሳስቶ ይታያል። ምርጫውን ሲያጠፉት መደራረቡ ይወገዳል፤ መንቀራፈፉ ግን አይወገድም።

የመንቀራፈፉ ምክንያት የቪዲዮው አሠራር ነው። እንደ ኤች 264 ያሉት የማመቂያ ስልቶች ሙሉ ምስል የሚያስቀምጡት አልፎ አልፎ ሲሆን ይህም ኪፍሬም ይባላል፤ በመካከል ያሉት ፍሬሞች በአብዛኛው የሚይዙት ከሌሎቹ የተለወጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመካከል አንዱን ለማየት ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ወደሚገኘው ኪፍሬም ተመልሶ ከዚያ ወዲህ ያለውን መፍታት ይኖርበታል። ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ድካም ማስቀረት ይቻላል። «ስኪፕ ፍሬም» የሚለው ማዘዣ ከመነሻ ፋይሉ ስም በፊት ገብቶ «ኖኪ» የሚል ዋጋ ሲሰጠው፣ ፕሮግራሙ ከኪፍሬም በስተቀር ሌላውን ሳይፈታ ያልፋል። ኪፍሬም በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢኖር እንኳ 28,800 ምስሎች ይኖሩዎታል፤ ከሚፈልጉት 24 እጥፍ ነው።

ከዚያም «ኤፍፒኤስ» የተባለው ማጣሪያ በተወሰነ የሰከንድ ልዩነት አንድ አንድ ምስል እያወጣ በተከታታይ ቁጥር እንዲሰይም ይዘዙት። ማጣሪያው የሚመርጠው በጊዜ እንጂ በፍሬም ቁጥር አለመሆኑን እወድለታለሁ። ብዙ ስልኮች ብርሃን ሲቀንስ በሰከንድ የሚቀርጹትን ፍሬም ይቀንሳሉ፤ በቁጥር የሚመርጥ ሰው ሳያስበው ማምሻው ከረፋዱ ይልቅ ይፈጥንበታል። እኔ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገኝ ሦስት እጥፍ አወጣለሁ፤ በእርስዎ ቀረጻ በየ8 ሰከንዱ አንድ፣ በድምሩ 3,600 ምስል መሆኑ ነው። ምስሎቹን እያገላበጡ ሰው ካሜራው ፊት የቆመበትንና ሠዓሊው ለዕረፍት የወጣበትን መሰረዝ፣ የቀረውን ወደ 1,200 ሲያሳሱም የሥዕሉ ዓይን የሚወጣበትን ቅጽበት ሳይነኩ መተው ይችላሉ። ከሰረዙ በኋላ ቁጥሩን እንደገና ያስተካክሉ፤ ተከታታይነቱ ከተቋረጠ ፕሮግራሙ ምስሎቹን ሲገጣጥም እዚያው ሊያቆም ይችላል።

ፋይሎቹ የተከፋፈሉት ምናልባት ሚሞሪ ካርዱ በፋት 32 ስለተዘጋጀ ነው፤ ይህ አሠራር 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። ምስል ከማውጣትዎ በፊት ፋይሎቹን እንደገና ሳያምቁ ያያይዟቸው፤ ቅደም ተከተላቸውንም በስማቸው ብቻ ሳይሆን በተቀረጹበት ሰዓት ያረጋግጡ።

ወደ ብልጭታው ስመለስ፣ ደመና ፀሐይን ሲጋርድ ካሜራው በራሱ ኤክስፖዠሩን (የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ከፍ ያደርጋል፣ ደመናው ሲያልፍ ዝቅ ያደርጋል። በቀረጻው ላይ ረጋ ብሎ የተለወጠው ብርሃን ሲያጥር እንደ መብረቅ ይሆናል። ከሸራው ያልተቀባ ነጭ ጥግ ካለ እሱን ብቻ እየተመለከቱ ምስሎቹን ያሳልፉ፤ ነጩ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቢጫ ሲሸሽ በግልጽ ያዩታል። ግራጫነቱን «ዲፍሊከር» የተባለው ማጣሪያ የአጎራባች ምስሎችን ብርሃን አማክሎ ያለዝበዋል። ቢጫነቱ ግን የዋይት ባላንስ፣ ማለትም ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ የሚያሳይበት የቀለም ሚዛን መዋለል ስለሆነ ቀለሙን በእጅ ማስተካከል ግድ ይላል። ለሚቀጥለው ቀረጻ ኤክስፖዠሩን፣ ዋይት ባላንሱንና ፎከሱን ከመጀመርዎ በፊት ይቆልፏቸው።

እጁ ከቦታ ቦታ የሚዘልል መስሎ ከረበሸዎት አንድ የምወደው ዘዴ አለ። በየሰከንዱ አንድ ምስል አውጥተው፣ እያንዳንዱን 24 ምስል በአማካይ ወደ አንድ ያዋህዱ። ሁለት ፍሬም ብቻ ሲዋሃድ የሚታየው ድርብ ክንድ በ24 ምስል ውስጥ ሟሙቶ ቀለል ያለ ጭጋግ ይሆናል፤ ከቦታው ያልተነቃነቀው ሸራ ግን ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ሥዕሉም ከጭጋጉ በስተኋላ በራሱ የሚያድግ ይመስላል።

ይህን ሁሉ በሙሉው ቀረጻ ላይ ከመሞከርዎ በፊት ደመና ያለፈበትን አንድ ሰዓት ለይተው ይሥሩት። በየ24 ሰከንዱ አንድ ሲወሰድ 150 ምስል፣ ማለትም 5 ሰከንድ ቪዲዮ ይሰጥዎታል፤ ፍጥነቱንም ብልጭታውንም ለመመዘን ይህ ይበቃል።