ወንድሟ «የኩላሊት እጥበት ጀምር» ለተባለባት እኅት፦ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ግራ እጁን አድኑት

እኅት ዓለም፣ የወንድምሽ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም ሊያጸዳው የሚገባ ቆሻሻ) 9 ደርሶ እጥበት ታዟል፤ እጥበቱን ትተን ከፍኖተ ሰላም በቀጥታ አዲስ አበባ ሄደን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እናሠራ ወይ ብለሻል። ንቅለ ተከላው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው የተጀመረው፤ ኩላሊት የሚሰጠውም በአብዛኛው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። የሁለቱም ምርመራ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ የሚያቆየው እጥበት ነውና መቅረት የለበትም።

1. ግራ እጁ። ቀኙን የሚሠራበት ከሆነ ግራው ከዛሬ ጀምሮ አይወጋ። ደም መቅዳት፣ ጉሉኮስ መስቀል፣ ግፊት መለካት ሁሉ በቀኝ ይሁን፤ መርፌ ግድ ሲሆንም ከመዳፍ ጀርባ። ምክንያቱም ፊስቱላ (የእጥበት መርፌ የሚገባበት ሥር) የሚሠራው የክንዱን ደም ቅዳና ደም መልስ አገናኝቶ በመስፋት ነው፤ በመርፌ ብዛት የደረቀ ሥር ደግሞ ለዚህ አይሆንም። ነርሶች ቀድመው የሚይዙት የክርን መታጠፊያውን ያንኑ ወፍራም ሥር ነው፣ ይቀናቸዋላ! ተኝቶ የሚታከም ከሆነ በእስክርቢቶ «አይወጋም» ብላችሁ ክንዱ ላይ ጻፉ፤ ቢስቁም ይሳቁ።

ፊስቱላው ለመርፌ የሚደርሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ አንዳንዱ 3 ወር ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ «ንቅለ ተከላ አይቀርልኝም» ብሎ ፊስቱላውን ይተውና የአንገት ካቴተር (አንገት ላይ የሚገባ የእጥበት ቱቦ) ይዞ ይከርማል። ካቴተር በር ነው፣ ጀርም ይገባበታል። እጥበት ላይ ሳለ ብርድ ብርድ ካለውና ትኩሳት ከመጣ ያኑ ዕለት ይታይ። ካቴተሩ ሲገባለትም በቀኝ አንገት በኩል እንዲሆን ጠይቁ፤ ከደረት በላይ ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት ሥር ሲገባ የደም ሥሩ ይጠብና የዚያ ወገን ክንድ ለፊስቱላ ሳይሆን ይቀራል።

ፊስቱላው ከተሠራ በኋላ በየጠዋቱ እጁን ያሳርፍበት፤ ድመት ስታንኮራፋ እንዳለው ንዝረት ይሰማዋል። ንዝረቱ ከጠፋ ነገን አትጠብቁ። በዚያ እጁ ሸክም አያንሣ፣ ሰዓት አያጥብቅበት፣ አይንተራሰው።

2. ጠበል። መከልከሌ አይደለም፤ ግን ካቴተር ያለው ሰው መጠመቅ የለበትም፣ ፋሻው ከራሰ ውኃው ወደ ውስጥ መንገድ አገኘ ማለት ነው። መጠጣቱም በልክ ይሁን። በቀን የሚፈቀድለት ፈሳሽ የሚሸናው ልክ ሲደመር ግማሽ ሊትር ነው፤ ቡናው፣ ሾርባው፣ ጠበሉም ሁሉ ተቆጥሮ። ከልክ ያለፈው ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ተኝቶ መተንፈስ ያቅተዋል።

 ደም ማነስ ሲኖር «ደም ይሰጠው» ይባላል፤ ሕይወቱ እስካላሰጋ ድረስ ቀድሞ የሚጠየቀው ሰውነት ደም እንዲሠራ የሚያደርገው የኤሪትሮፖይቲን መርፌና አይረን (የብረት ማዕድን) ነው። የሌላ ሰው ደም ሰውነቱን ባዕድ አካል የሚዋጋ ያደርገውና በኋላ ከለጋሹ ጋር ይስማማ እንደሆነ በሚታይበት ምርመራ ላይ ይጥለዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ከወዲሁ ይጀመር፤ ዘግይቶ ሲሰጥ ሰውነት እምብዛም አይቀበለውም።

ወረቀቱ ያስቸግራችኋል። ሪፈሩ፣ መታወቂያውና የቀበሌው የዝምድና ማስረጃ ላይ ስሙ በአንድ ፊደል ቢለያይ፣ መስኮት ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ ሳያይ «ሂድና አስተካክል» ይላል፤ ዓባይን ተመልሶ መሻገር ነው እንግዲህ! ወረቀቶቹን ከመነሣታችሁ በፊት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል እዩአቸው። ለጋሹም ስኳርና ግፊት የሌለበት መሆኑን እዚያው አካባቢ አስመርምሩት።

በጾም ወቅት ደግሞ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም ይቅር፤ ፖታስየም የሚባለው ማዕድናቸው ሲጠራቀም ልብ ሊያቆም ይችላል። ድንች ካማረው ልጣጩን አንሡ፣ በቀጭኑ ክተፉ፣ በብዙ ሙቅ ውኃ ሁለት ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉና በሌላ ብዙ ውኃ ቀቅላችሁ ያንንም ድፉ። መረቁ ለወጥ አይግባ።