«ከዓረብ አገር መጥታ ዳቦ ቆሎ?»

ሰላም ለእርስዎ እትዬ፣

ዕድሜዬ 31 ነው። ስድስት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቼ ነሐሴ ላይ ተመለስኩ። አሠሪዎቼ የመጨረሻዎቹን አራት ወራት ደመወዝ አልከፈሉኝም። አሁን ኮልፌ ታላቅ እህቴ ቤት ተጠግቼ ሥራ እያፈላለግኩ ነው። እስካሁን አልቀናኝም።

እዚያ እያለሁ በየዓመቱ ለገና ብር እልክ ነበር። በጉም፣ የልጆቹ ልብስም በዚያ ነበር የሚገዛው። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት እንሰበሰባለን። ቆጠርኳቸው፤ 23 ሰው ናቸው፣ ስምንቱ ልጆች። እናቴ ደግሞ «ልጄ ዘንድሮ በአካል ትመጣለች» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።

በእጄ ያለው 4 ሺህ ብር ነው፤ ትራንስፖርቱም ከዚያው ነው። እህቴ «በእጅሽ የሆነ ነገር ሥሪ፤ ዳቦ ቆሎ፣ ዳንቴል» ትለኛለች። ሙያው አለኝ። ግን «ከዓረብ አገር መጥታ ዳቦ ቆሎ ይዛ ገባች» ሲሉ ከአሁኑ ይሰማኛል። በተለይ የእናቴ ታላቅ እህት ብዙ ውለታ ውላልኛለች። ሪህ ይዟት እጇ አይታዘዝላትም። ለእሷ ምን ልስጣት?

ጓደኛዬ ዕቁብ ሊደርሳት ነው። «20 ሺህ ላበድርሽ፣ ሽቶና ልብስ ገዝተሽ ግቢ፣ ስትቀጠሪ ትመልሺያለሽ» አለችኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልቤ ወደዚያ አድልቷል።

ባዶ እጄን ነኝ፣ ከኮልፌ
ኅዳር 28

መልስ

ልጄ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ።

ብድሩን ተዪው። ዕዳው ብቻ አይደለም የሚያስፈራኝ። ሽቶና ልብስ ተሸክመሽ ከገባሽ «አላት» ትባያለሽ። አንዴ «አላት» ከተባልሽ ለፋሲካ ማን ያድንሻል? የአንዱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሌላው የቤት ኪራይ ይመጣብሻል። ሥራ ሳታገኚ ስድስቱን ዓመት እንደ አዲስ ትጀምሪዋለሽ።

ደግሞ 23 ሰው አትቁጠሪ፤ ቤት ቁጠሪ። ባልና ሚስቱን ከነልጆቻቸው አንድ ካልሽ ስድስት ወይም ሰባት ቤት ቢወጣው ነው። ለአንድ ቤት አንድ ስጦታ። ልጆቹን ለብቻ እመጣባቸዋለሁ።

አሁን ወደ እጅሽ ሥራ። እህትሽ ልክ ናት፤ ምርጫዋ ላይ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል። ዳቦ ቆሎ ለቡና ቁርስ እንጂ ለየቤቱ ስጦታ አይሆንም። ቆሎና በሶ ልጨምር ብትዪ ደግሞ፣ ደብረ ብርሃን የገብስ አገር ነው፤ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዳንቴልም ቢሆን ያምራል እንጂ በዚያ ብርድ ማንንም አያሞቅም።

እኔ ብሆን መከለሻ ነው የምይዘው። አስቢው፤ ገና ላይ ሁሉም ቤት ወጥ ይሠራል። ወጡ ሊወርድ ሲል የምትነሰነሰው ያቺ ቅመም ናት ቤቱን የምታውደው። ብዙ ሰው ግን በላስቲክ የታሸገ ከሱቅ ይገዛል፤ መቼ እንደተፈጨ አይታወቅም፣ ሽታው ጠፍቶ ትቢያ የሆነም አለ። አንቺ አዲስ ወቅጠሽ ብትወስጂላቸው በዚያው ቀን ድስታቸው ውስጥ ይገባል። ስጦታሽን እየበሉ ነው የሚያወሩት።

ዋናው ኮረሪማ ነው። ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ቅርንፉድና ቀረፋ ትጨምሪበታለሽ። ቅርንፉዱን አታብዢው፤ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ኮረሪማውን ከልጡ ፈልፍለሽ ፍሬውን ብቻ ውሰጂ። በለስላሳ እሳት አመስ አድርጊውና ሽታው እንደተነሳ አውርጂው፤ ካረረ ይመራል። ሲቀዘቅዝ ወቅጠሽ ንፊው። ለአንድ ቤት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው፤ ለአንድ ድስት አንድ የሻይ ማንኪያ ካለፈ ይበዛል። ኮረሪማ ርካሽ አይደለም፣ ግን ለሰባት ቤት የሚያስፈልግሽ ትንሽ ነው። ለዚህ ለዚህ መርካቶ ደርሶ መምጣት ከሰፈር ሱቅ ይሻላል። እዚያው ምናለሽ ተራ ጎራ ብለሽ ትንንሽ የማርና የማርማላታ ጠርሙሶች ከነክዳናቸው አማርጪ።

ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ እጠቢና አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ድፊው። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። አንድ ዓመት ጠርሙሱ ውስጡ እርጥብ ሳለ ሚጥሚጣ ሞልቼ ለአራት ጎረቤት አደልኩ። በበዓሉ ዕለት ሲከፈት ሻጋታ አብቅሎ ተገኘ። ሁሉም «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አሉኝ። አንዷ ብቻ ጠርሙሱን መለሰችልኝ፤ እስከ ዛሬ የማከብራት እሷን ነው።

ዳቦ ቆሎውንም ለቡና ቁርስ አንድ ሁለት ኪሎ ሥሪ፤ የጋራ ይሁን። ለአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ጨው፣ ስኳር፣ በርበሬ ለሚወድ በርበሬ። ሊጡ ጠንከር ይበል። ሲቆላ ውስጡ እስኪደርቅ ታገሺው፤ ለስለስ ካለ አይቆይልሽም። በቅቤ አትለውሺው፤ እስከ ታኅሣሥ 29 ጾም ነው፣ መንገድ ላይም ሆነ ስትደርሺ ማንም ሊቀምስልሽ አይችልም።

ለእናትሽ ስካርፍ ሥሪላት። ዳንቴል ከቻልሽ ይህ አያቅትሽም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ታኅሣሥ ደግሞ የውርጭ ወር ነው። ሁለት ሦስት ልቃቂት የሱፍ ክር ግዢ። ዛሬ ብትጀምሪ በሻማም ቢሆን ትጨርሺዋለሽ፤ መብራት ሲሄድ ምጣድ ይቆማል እንጂ ኪሮሽ አይቆምም። በዓሉ ዕለት ለነጠላዋ ያማረ ነገር ብትሰጪያት ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ስካርፉን ግን በማግስቱ ጠዋት ታደርገዋለች።

አክስትሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። እጇ ለማይታዘዝላት ሴት ገና ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሽንኩርት ክምር ነው። ዶሮ መገንጠል ነው። ይህን ሁሉ ስታስብ ከዋዜማው በፊት ነው የሚደክማት። ለእሷ ዕቃ አትውሰጂላት። በዋዜማው ጠዋት ሽርጥሽን ይዘሽ ቤቷ ግቢ። ሽንኩርቷን ከትፈሽ አቁላዪላት። ዶሮዋን አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥተሽ በሎሚና በጨው እጠቢላት። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ኧረ ይኼን አሳንሺው» እያለች ታዝዝሽ። ቤይሩት ይህን ለባዕድ ሠርተሽ ደመወዝሽን ከልክለውሻል፤ አክስትሽ ግን እስክትሞት ታወራልሻለች።

እንግዲህ የሚከብደው። ለእናትሽ ዛሬውኑ ደውዪና እውነቱን ንገሪያት። የአራት ወር ደመወዝ እንደቀረብሽ፣ ሥራ እንዳላገኘሽ፣ ይዘሽ የምትመጪውም ምን እንደሆነ። ለሰፈሩ ያወራችው እሷ ናት፤ ወሬውን ማለሳለስ የምትችለውም እሷው ናት። በበዓሉ ዕለት ከእንግዳ እኩል ከምትሰማ አሁን ከአንቺ ትስማ። ታዝን ይሆናል። ከዚያ ግን አንቺ ከመድረስሽ በፊት «ልጄ በእጇ የወቀጠችውን ይዛ ትመጣለች» እያለች መንደሩን ታዳርሳለች፤ እናቶችን እኔ አውቃቸዋለሁ። ስትሰጪም «ምንም አላመጣሁም» ብለሽ አትጀምሪ። «በእጄ የሠራሁት ነው» በይና አፍሽን ያዢ።

የሚሉ ይላሉ። ስድስት ዓመት በላክሽው ብር በግ ያረደ ሰው አንድ ዓመት ቢያማ አይገርምም። አንቺ ግን ጠርሙሱን ስትሰጪ አንገትሽን አትድፊ።

ልጆቹን አልረሳኋቸውም። ለስምንት ልጅ ስምንት አሻንጉሊት አያስፈልግም፤ የገና ጨዋታ ይበቃቸዋል። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ በሲባጎ ጠፍረሽ፣ ላዩን በወፍራም ጨርቅ ሰፍተሽ ሁለት ሩር ሥሪ። ጫፉ ቆልመም ያለውን ዱላ አጎቶቻቸው እዚያው ይቁረጡላቸው። ትልልቆቹም ገብተው ሲላፉ ታያለሽ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አይደል የሚባለው። ሩሩን ብቻ ጠበቅ አድርገሽ ስፊው። የእኔ ወንድም የሠራው ገና ምሳ ሳይቀርብ ተተርትሮ፣ ከሰዓቱን ሙሉ በካልሲ ነው የተጫወትነው።