ከአገር ውጭ እያሉ የተቆለፈብዎትን የክሬዲት ካርድ አካውንት ስለማስከፈት

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት አንባቢ እናታቸውን ለማስታመም አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የክሬዲት ካርድ አካውንታቸውን በኢንተርኔት መክፈት እንዳልቻሉ ጽፈውልኛል። የይለፍ ቃሉን ደጋግመው ሲሞክሩ በመጨረሻ አካውንቱ ተቆልፏል የሚል መልእክት መጣባቸው፤ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ ባለፈው ዓመት የስልክ ኩባንያ ሲቀይሩ ወደተዉት አሮጌ ቁጥር ነው የሚሄደው። የክፍያው ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። ሜሪላንድ ያለው ወንድማቸው በእሳቸው ስም ገብቶ ቢከፍልላቸው ያስኬድ እንደሆነም ጠይቀዋል።

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ጉዳዮች ለያይተው ይያዟቸው። ወደ አካውንቱ መግባት አንድ ነገር ነው፤ ዕዳውን በቀኑ መክፈል ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መጠበቅ የለበትም። የቼኪንግ አካውንትዎ (የዕለት ተዕለት ገንዘብዎ ያለበት የባንክ ሂሳብ) በሌላ ባንክ ከሆነና እሱን መክፈት ከቻሉ፣ ከዚያው ሆነው ቢል ፔይ በሚባለው፣ ባንኩ ዕዳን በኢንተርኔት በሚከፍልበት አገልግሎት፣ የካርዱን ቁጥር አስገብተው ይክፈሉ፤ ገንዘቡ ለመድረስ ጥቂት የሥራ ቀናት ሊወስድበት ስለሚችል ግን ዛሬውኑ ይላኩት። ይህ ካልሆነ ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለው በድምፅ መልስ ሰጪው በኩል የቼኪንግ አካውንትዎን ቁጥር ሰጥተው መክፈል ይቻላል። ወንድምዎም ቢሆን የእርስዎን የይለፍ ቃል ሳይነካ፣ የካርድዎን አካውንት ቁጥር ቼኩ ላይ ጽፎ ስቴትመንቱ (በየወሩ የሚላከው የሂሳብ መግለጫ) ላይ ወዳለው የክፍያ አድራሻ በፖስታ ሊልክልዎ ይችላል። በእርስዎ ስም ገብቶ ወይም ደውሎ እርስዎን መስሎ መናገሩን ግን በፍጹም አልመክርም፤ ባንኩ ከተጠራጠረ አካውንቱን ከበፊቱ ይልቅ አጥብቆ ይዘጋዋል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛዋ ባለቤት መሆንዎን ማስረዳትም ይከብድዎታል።

አሁን ወደ መግቢያው ችግር እንምጣ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ያንብቡት፣ ቢቻል ፎቶ ያንሱት፤ መልእክቶቹ ተመሳሳይ ቢመስሉም ምክንያታቸው የተለያየ ነውና። የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቷል የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ብራውዘሩ አስቀምጦት የነበረውን አሮጌ የይለፍ ቃል በራሱ እየሞላ ማስገባቱ ነው፤ የተሞላውን አጥፍተው በእጅዎ ይጻፉት። ገጹ እየተሽከረከረ የሚቀር ወይም ወደ መጀመሪያው የሚመልስዎት ከሆነ ደግሞ በብራውዘሩ ግላዊ መስኮት (ፕራይቬት ወይም ኢንኮግኒቶ በሚባለው) ወይም በሌላ ብራውዘር ይሞክሩ፣ የስልክዎ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ሰዓቱ የተዛባ ስልክ ከባንኩ ጋር ደኅንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር ያቅተዋል። የእርስዎ ግን ተቆልፏል የሚል ስለሆነ ከእንግዲህ መሞከሩን ያቁሙ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ለባንኩ የማጭበርበር ምልክት ሊመስለው ይችላል።

ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ቪፒኤን፣ ማለትም የኢንተርኔት ግንኙነትን በሌላ አገር በኩል የሚያዞር አገልግሎት፣ ከፍተው አሜሪካ ያሉ ለመምሰል ይሞክራሉ። እኔ አላበረታታም። የቪፒኤን አድራሻዎችን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጋራ ስለሚጠቀሙባቸው የባንኮች የመከላከያ ሥርዓት ብዙዎቹን ለይቶ ያውቃቸዋል፣ እንዲያውም ከአዲስ አበባ የቤት ዋይፋይ ይልቅ እነሱን ይጠራጠራል። የተሻለው መንገድ የአሜሪካ ሲምዎን በሮሚንግ ዳታ (ሲሙ በውጭ አገር ኔትወርክ ላይ በሚያገኘው ኢንተርኔት) ለጥቂት ደቂቃ ማብራት ነው፤ በሮሚንግ ጊዜ የኢንተርኔት ግንኙነቱ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካው ኩባንያ በኩል ዞሮ ስለሚያልፍ፣ ባንኩ የሚያየው አድራሻ አሜሪካ ያለ አድራሻ ነው። ዋጋውን ግን አስቀድመው ከስልክ ኩባንያዎ ይጠይቁ።

የችግሩ ሥር ያለው ግን የተዉት የስልክ ቁጥር ላይ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ቢስተካከልም ቁጥሩ እስካልተቀየረ ድረስ መግባት አይችሉም። ደግሞም ጉዳዩ ከመግባት በላይ ነው። በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የተለቀቀን ቁጥር ቢያንስ 45 ቀን ካቆየው በኋላ ለሌላ ደንበኛ መስጠት ይፈቀድለታል። የእርስዎ ቁጥር ከተለቀቀ ዓመት ስለሆነው፣ ዛሬ የባንክዎ ኮድ የሚደርሰው የማያውቁት ሰው ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለባንኩ ሲደውሉ ከሁሉ አስቀድመው አሮጌው ቁጥር እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ ኢሜይልዎንና ሌሎች ባንኮችዎንም በዚያ ቁጥር አስመዝግበው እንደሆነ ሁሉንም ያስተካክሉ።

ሲደውሉ ካርዱ ጀርባ ላይ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ የተጻፈውን ቁጥር ይጠቀሙ፤ ነጻ የሚባሉት መስመሮች ከኢትዮጵያ ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠሩም። የአሜሪካ ስልክዎ በዋይፋይ የመደወል አገልግሎት ካለው ያብሩት፤ የባንክ የጽሑፍ መልእክቶችም ብዙ ጊዜ በዚያው በኩል ይገባሉ። ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 9 AM) ሲሆን አዲስ አበባ ላይ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ስለሚሆን፣ በዚያን ጊዜ ቢደውሉ የማጭበርበር መከላከያ ክፍሉን ሠራተኞች የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው።

ማንነትዎን ለማረጋገጥ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የምንደናቀፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ስም ነው፤ ካርዱ ሲወጣ የአባትዎ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ ይሆናል፣ ወይም የአያትዎ ስም ያን ቦታ ይዞ የአባትዎ መካከል ገብቶ ይሆናል፤ ፊደሉም ከፓስፖርትዎ ሊለይ ይችላል። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው፤ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ፣ ቀንና ወር ተለዋውጦ የተመዘገበባቸው ወይም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ የተሳሳተባቸው ብዙዎች ናቸው። ከመደወልዎ በፊት አሮጌ ስቴትመንት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን የመጨረሻ አራት አኃዞች፣ የተመዘገበውን አድራሻ ከነዚፕ ኮዱ፣ የቅርብ ጊዜ ግዢዎችንም ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ በካርዱ ላይ ያለው ስም እንዴት እንደተጻፈም ፊደል በፊደል ይዩ።

አዲሱ ቁጥር ሲመዘገብ ከመደበኛ የስልክ ኩባንያ የወጣ ይሁን፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ቁጥሮችን ብዙ ባንኮች ለኮድ አይቀበሏቸውም። አንዳንድ ባንክ አዲስ ቁጥር ካስመዘገቡ በኋላ ኮድ ለመላክ ጥቂት ቀናት ይጠብቃል፣ ሌላው ደግሞ ኮዱን በፖስታ ወደ ሜሪላንድ ቤትዎ ይልካል። እንዲህ ከሆነ ወንድምዎ ፖስታውን ከፍቶ ኮዱን ቢያነብልዎ፣ የሚያስገቡት ግን እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ ይበቃል።

በፌስቡክና በቴሌግራም የተቆለፈ አካውንት እናስከፍታለን የሚሉትን አይጠጉ፤ የባንኩንም ስልክ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አይፈልጉ፣ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ የሚከፈልባቸው የአጭበርባሪ ማስታወቂያዎች ይገባሉና። እርስዎ ራስዎ ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ቁጥር ከደወሉ ሠራተኛው የተላከልዎትን ኮድ እንዲያነቡለት ሊጠይቅዎ ይችላል። ከባንክ ነኝ ብሎ የደወለልዎ ሰው ኮድ ከጠየቀ ግን ስልኩን ዘግተው ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ቁጥር ይደውሉ።

አንዴ ከገቡ በኋላ ቢያንስ ዝቅተኛው ክፍያ በራሱ እንዲከፈል ያዘጋጁ፤ ባንኩ የሚቀበል ከሆነ ከጽሑፍ መልእክት ይልቅ ስልኩ ላይ ኮድ የሚያመነጭ አፕ ወይም ፓስኪ (በይለፍ ቃል ፈንታ በስልክዎ መክፈቻ፣ ለምሳሌ በጣት አሻራ፣ የሚያስገባ ቁልፍ) ይጨምሩ፣ እነዚህ ያለ ሲምም ይሠራሉ። ከዚያ ያልገቡባቸውን ወራት ስቴትመንቶች አንድ በአንድ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እርስዎ ያላደረጉት ወይም የተሳሳተ ወጪ ሲገኝ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የመቃወም መብት ይሰጥዎታል፤ ለወራት ያልታየ አካውንት ይህን ጊዜ በቀላሉ ያሳልፋል። ክፍያው ዘግይቶ ቅጣት ከተጣለብዎ ምክንያቱን አስረድተው እንዲነሳልዎ ይጠይቁ፤ ከዚህ በፊት በወቅቱ ሲከፍሉ ለኖሩ ደንበኞች ብዙ ባንኮች ይቅር ይላሉ። መዘግየቱ ወደ ክሬዲት ታሪክዎ የሚገባው 30 ቀን ሲሞላው ስለሆነ፣ ቀኑ ጥቂት ቢያልፍብዎም እንኳ ያ ወር ሳይሞላ መክፈልዎ ብዙ ዋጋ አለው።