ከወለድኩ በኋላ የያዘኝ ኀዘን የእምነት ጉድለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከወለድኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ልጄ ደኅና ነው። እኔ ግን ሳጠባው ሳይቀር እንባዬ ይወርዳል፤ እሱ ተኝቶም እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም። ጸሎት መጽሐፌን ከፍቼ ሁለት መስመር ማንበብ አቅቶኛል። ቤተሰቦቼ «እግዚአብሔር ሰጥቶሽ ታማርሪያለሽ?» ይሉኛል። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? ሐኪም ጋ ብሄድስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ማዘንሽ ኃጢአት አይደለም።

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ (1ኛ ነገ. 19) እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንቺን ግን ሳያሳርፉ ጠየቁሽ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ የሚብሳቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ያ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ያንቺ ግን ቆይቷል። ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ የሚሉት ይመስላል፤ ከ10 እናቶች አንዷን ያህል ይይዛል፣ በምክክርም በመድኃኒትም ይድናል። እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ስላሉ እንደምታጠቢ ለሐኪሙ ንገሪው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ጸበልሽንም ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ። ከዓመታት በፊት እንዳንቺ የጠየቀችኝን እናት «በርትተሽ ጸልዪ» ብዬ ብቻ ሸኝቻታለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ይህን መልስ ለቤትሽ ሰዎች አንብቢላቸው። ሩት በወለደች ጊዜ ኑኃሚን ሕፃኑን ተቀብላ በብብቷ አቀፈችው፣ ሞግዚትም ሆነችው (ሩት 4፥16)። መርቆ የሚሄድ ጠያቂ አይጠፋም፤ የሚያስፈልግሽ ሌሊት ሕፃኑ ሲነቃ «ስጪኝ፣ አንቺ ተኚ» የሚል ሰው ነው። ልብሱን የሚያጥብ፣ ስታለቅሺ ዝም ብሎ አጠገብሽ የሚቀመጥ።

ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅም ከሰማሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ብቻሽን አትሁኚ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱሽ።

ስለ ጸሎቱ አትጨነቂ። ልጅሽን እንደታቀፍሽ «አቤቱ ማረኝ» ካልሽ ይበቃል። የቀረውን እኛ እንጸልይልሻለን፤ የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ።