የሥራ ክርክር ከቅርብ አለቃ ወደ ችሎት እንዴት ተሻገረ?

ጠያቂው «ቀድሞ በንግግር ያልቅ የነበረው የአሠሪና የሠራተኛ አለመግባባት ዛሬ ለምን በቀጥታ ወደ ክስ ይሄዳል? የተለወጠው ሠራተኛው ነው ወይስ ሕጉ?» ብለዋል። በመጀመሪያ የሠራተኞች ተወካይ፣ በኋላም የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኜ ክርክሮችን ከሁለቱም ወገን ተመልክቻለሁ፤ በእኔ ግምት ከሁለቱም በላይ የተለወጠው በመካከላቸው የነበረው ሰው ነው።

የቅርብ አለቃ ቀድሞ የሥራ ፈረቃ የመቀየር፣ ቅጣት የማንሳትና ቅሬታ ሰምቶ እዚያው የመወሰን ሥልጣን ነበረው። አሁን በብዙ ድርጅቶች ድርሻው ሪፖርት መላክ ብቻ ነው፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ሠራተኛውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል የተቀጠረ ሠራተኛ ደግሞ ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት እንኳ ግልጽ አይሆንለትም። የማኅበር ተወካይም አሠሪውን ከመሞገት ባሻገር ሠራተኛውን «ይህ ጉዳይ አያዋጣህም» ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር። ማኅበራት ሲዳከሙ የወል የነበረው ክርክር የግል ሆነ፤ ሠራተኛውም ከጠበቃው በቀር አማካሪ አጣ።

ሕጉን ግን አልወቅስም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው 158ኛው ስምምነት ሠራተኛ በጠባዩ ወይም በሥራ ውጤቱ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ፣ ስንብቱንም ለገለልተኛ አካል ይግባኝ እንዲል ይደነግጋል። ያ የምንናፍቀው «በንግግር መጨረስ» እኮ ብዙ ጊዜ የሠራው አለቃው ለሚወደው ሰው ነበር።

ችግሩ ክስ ከተጀመረ በኋላ ቃል ሁሉ ማስረጃ መሆኑ ነው። አለቃው ይቅርታ ቢጠይቅ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠርብኛል ብሎ ይሰጋል፤ የሕግ አማካሪውም ዝም እንዲል ይነግረዋል። ደብዳቤው የሚጻፈው ለሠራተኛው ሳይሆን ወደፊት ለሚያነበው ዳኛ ነው። የይርጋ ጊዜም፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ያጣድፋል፤ በጀርመን ስንብትን የሚቃወም ሠራተኛ በሦስት ሳምንት ውስጥ ክስ ማቅረብ ስላለበት፣ ብዙዎች የሚከሱት ተቀይመው ሳይሆን መብታቸው እንዳያልፍባቸው ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ያንኑ ንግግር መልሰው ለማምጣት መጣራቸው ነው። በጀርመን የሥራ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ቀጠሮ ባለጉዳዮችን ለማስማማት የሚውል ሲሆን፣ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንድ ዳኛና የሥራ ግንኙነት ልምድ ያላቸው ሁለት አባላት ክርክሩን በመርህ ደረጃ በሦስት ስብሰባ የሚጨርሱበት ሥርዓት ዘርግታለች። በር መዝጋት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በሥራ ክርክር ችሎቶች የክስ ክፍያ ስትጥል የክሱ ብዛት በእጅጉ ቢወርድም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2017 ክፍያውን ፍትሕ የማግኘት መብትን የሚነካ ነው ብሎ ሽሮታል።

ስለዚህ ለጠያቂው የምመክረው፣ የይርጋው ጊዜ ሳያልፍ የመወሰን ሥልጣን ካለው ሰው ጋር ፊት ለፊት ለመገናኘት በጽሑፍ እንዲጠይቁ ነው። በዚያ ስብሰባ የሚነገረው በኋላ በማስረጃነት እንደማይቀርብ አስቀድመው በፊርማ ይስማሙ፤ ስምምነቱ በአገራቸው ሕግ ምን ያህል እንደሚጸናም ባለሙያ ይጠይቁ። ሥልጣን የሌለው ሰው ከተላከ ግን ጊዜ ሳያባክኑ ክሱን ያዘጋጁ።